የማላውቀው ሰው ለቅሶ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ሸዋዬ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ደረጃ ስትወጪ የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የጋሼ ደቻሳ ሳልስ ለቀቀው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከድካም በቀር ደህና ነኝ። አምስት ክፍለ ጊዜ ቆሜ አስተምሬ ስገባ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ጋደም እላለሁ።

ያን ቀን በስልክ ስላመናጨቅኩሽ ሲቆጨኝ ሰንብቷል። ካዛንቺስ ፈርሶ ጎረቤቱ ሁሉ ሲበተንና እኔ የምኖርበት ፎቅ ብቻ ሲተርፍ፣ ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ፣ ጅማ ነይና አብረን እንኑር ብትዪኝ አስተማሪነቴን አመጣሁብሽ። እንግሊዞች ለዚህ ሁለት ቃል አላቸው፤ አሎን ማለት አጠገብሽ ሰው የለም ማለት ነው፣ ሎንሊ ግን ሰው ርቦሽ ሆድሽ ሲባባ ነው፤ እኔ የመጀመሪያው ነኝ እንጂ ሁለተኛው አይደለሁም ብዬ ዘጋሁብሽ። ሰባተኛ ክፍሎችንም የማስተምረው ይህንኑ ነው።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት የጦቢያ ባል ማረፉን ሰማሁ። ጦቢያ ፊት ለፊታችን ትኖር የነበረችው ናት፤ ቤቷ ሲፈርስ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ገብታለች። ቅዳሜ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ። ድንኳን አየሁ፣ ገባሁ፣ አለቀስኩ። ሰዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው አግዳሚው ላይ ቦታ ሰጡኝ፤ አንዲት ሴትዮ እጄን ይዛ አይዞሽ አለችኝ። በኋላ ጦቢያ የታለች ብል የሚያውቃት ጠፋ። ኋላ ስሰማ ለካ ባሏን አገሩ ወስደው ቀብረውት፣ እሷም እዚያው ናት። እኔ የተቀመጥኩት አቶ ሃድጉ የሚባሉ፣ አይቻቸው የማላውቅ ሽማግሌ ለቅሶ ላይ ነው። አፍሬ ልነሳ ስል ሴትዮዋ፣ እህል ሳትቀምሺማ አትሄጂም ብላ መልሳ አስቀመጠችኝ።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው። እሑድ ግን እያወቅኩ ተመልሼ ሄድኩ፣ እትዬ። ሰኞም ከትምህርት ቤት ስወጣ ሄድኩ። ማክሰኞ ድንኳኑ ተነስቶ ሳገኘው አስፋልቱ ዳር ቆሜ አለቀስኩ፤ ያኔ ለራሴ ነበር የማለቅሰው። ብቸኝነት ጎድቶኛል። አንቺ ቀድመሽ አውቀሽው ነበር፣ እኔ ነኝ የኮራሁት።

የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና አርሜ እንደጨረስኩ እመጣለሁ። ጠቅልዬ ልምጣ አልምጣ ገና አልቆረጥኩም፤ ለጊዜው ሰው ያለበት ቤት ማደር ነው ያማረኝ።

ጋሼ ደቻሳን እጅ ነስታለች በይልኝ። ዮሚፍን ግንባሩን ሳሚልኝ። ሜቲን ደግሞ አልጋዋ ላይ ቦታ እንድትለቅልኝ ንገሪያት፤ እንግዳ መጣች ብለሽ ለብቻዬ እንዳታነጥፊልኝ።

እህትሽ አምሳለ
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.