ላስቲኩ የተላጠው ሰዓት

ወዳጄ ሺጌዮ፣

የጫማ ንድፍ አውጪውና የሰዓት ፋብሪካው ተጣምረው ጥቂት ብቻ የሠሩት፣ አንተም እንቅልፍ ያጣህለት ሰዓት ያን ያህል ገንዘብ ያወጣል ወይ ብለኸኝ ነበር። ይኸው በዓይኔ አየሁልህ፤ ፍርዱን አንተው ስጥ።

ዛሬ ጠዋት እዚህ ቶኪዮ የእህቴ ባል ሚትሱሂሮ በዝናብ ተሰልፎ የመግዛት ዕጣው ወጣለት። ሊያስረው እንዳይመስልህ! እንደታሸገ ሊያስቀምጠው ነው። ሻጯ ግን ነጭ ጓንቷን አጥልቃ፣ ጎንበስ ብላ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ነጋዴ መልሶ እንዳይቸረችረው ላስቲኩን እዚሁ ልጠን እጅ ላይ ነው የምናስረው» አለችው።

«እባክሽ ልጄ፣ ላስቲኩን ተዪልኝ!» ብሎ እንዳታስርበት እጁን ኪሱ ውስጥ ደበቀ። ሰልፈኛው ማጉረምረም ሲጀምር እህቴ ቺዙኮ አፈረችና ክንዷን ባንኮኒው ላይ ዘረጋች።

«በይ እኔ ላይ እሰሪው። ደግሞ ለሰዓት!»

ላስቲኩ ሲላጥ ሚትሱሂሮ ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ዓይኑን ጨፈነ።

እኛ ከተማ የማዘጋጃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ በየማታው ሰዓቱን በዜማ ይነግረናል፣ ያውም በነጻ። እዚህ ሰውየው ሰዓት ገዝቶ ሰዓት ለማየት ሚስቱን ይከተላል! ሁልጊዜ ከኋላ ጥሏት የሚራመደው ሰው እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ጃንጥላውን ከእጇ በላይ ዘርግቶ ከጎኗ ተራመደ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ሚስትህን ፉሚኖን ሳምልኝ፤ ዋጋውን ግን እሷ ከእኔ እንዳትሰማ ብዬ አልጻፍኩትም። ቺዙኮን «ገንዘቡን ያወጣል?» ብላት ምን አለችኝ መሰለህ?

«ጃንጥላው የተያዘው ለሰዓቱ ነው። ግን እኔም ዛሬ አልረጠብኩም።»

ያንተው ኪኩኦ