እናትህን ጠይቅና ና

ሆሳዕና፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድምዓለሜ ለቲቶ፣ ደቡብ አፍሪካ

ከእኔም፣ ከእማም፣ ስምህ ሲጠራ ዛሬም ጆሮውን ከሚያቆመው ከውሻህም ሰላምታ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ጥሩ ጥሏል፤ ልትሄድ ስትል ጓሮ የተከልከው እንሰት ጣሪያውን አልፏል። በእጄ የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ፤ እየዘለልክ እንዳታነብ፣ አውቅሃለሁ።

መጀመሪያ የእኔን ጉድ ስማ። በዚያ በግል ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምግብ ሳይንስ እንደማስተምር ታውቃለህ። ዘንድሮ «ቆጮ እንዴት ይዘጋጃል?» የሚል አሳይመንት ሰጠሁ። ከአርባ ሁለት ተማሪ ሠላሳ አንዱ አንድ ዓይነት ወረቀት ይዞ መጣ። ስልካቸው ላይ ያለውን ኤአይ ጠይቀው የሰጣቸውን ገልብጠዋል። ጠና የሚባል የፎንቆ ልጅ አለ፣ እናቱ ቆጮ እየሸጠች ያሳደገችው። እሱ እንኳ፣ እንሰትን እንደ ሙዝ ቆጥሮ፣ «የእንሰት ፍሬ ተልጦ ይበላል» ብሎ ጽፏል!

«ጠና፣ የእንሰት ፍሬ በልተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ኧረ አላውቅም፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ማን በላው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ አንገቱን ሲደፋ ግን በራሴ አፈርኩ።

ኤአይ አትንኩ አላልኳቸውም፤ እኔም ለዝግጅት እጠቀምበታለሁ። የቀየርኩት ጥያቄዬን ነው። «እናትህን ጠይቅና ና፤ እናትሽን ጠይቂና ነይ» አልኳቸው። «ኤአይ ያለውንና እናታችሁ ያለችውን አስተያዩ። ከዚያ ፊቴ ቁጭ ብላችሁ በቃል ታስረዱኛላችሁ፤ በአማርኛም ይሁን በሀዲይኛ።»

ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ ዝር አይልም። ጠና ሲሄድ አክስቶቹ «ሙሽሪት መጣች!» እያሉ ተሳሳቁበት። እናቱ «እኛ ዩኒቨርሲቲ የላክንህ ለዚህ ነው?» ብላ ልታባርረው ነበር። ለምኖ ቀረ። ሲመለስ መዳፉ ተልጦ ነበር። ክፍል ውስጥ ካልጠየቁት የማይናገረው ልጅ በሀዲይኛ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አወራ። በብርድ ወራት ጉድጓድ ውስጥ ያለው ቆጮ ሳይብላላ ለምን እንደሚዘገይ፣ እናቱ መድረሱን በማሽተት ብቻ እንዴት እንደምታውቅ፣ ኤአይ የቱ ጋ እንደሳተ። ቲቶ፣ እንባዬ መጣ።

የዲፓርትመንታችን ኃላፊ አቶ ሀብተሚካኤል ግን «ይሄ ዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ የሴቶች እድር?» አሉ። የልጆቹን ማርክ ሰረዙ። ኮርሱን ቀሙኝ። «የማስተማር ብቃት የጎደላት» የሚል ደብዳቤም ጻፉልኝ። እኔን! ሌሊት በኩራዝ ሳጠና የምታውቀኝን እህትህን!

የደብዳቤው መጨረሻ ላይ፣ ከፊርማቸው በላይ፣ ምን የሚል ነበር መሰለህ? «ደብዳቤውን ጠንከር ባለ ቃና እንዳስተካክልልዎ ይፈልጋሉ?» ኤአይ ጽፎላቸው፣ ሳያነቡት ማኅተም መትተውበታል።

ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሲያልቅም «አዎ፣ ጠንከር ያድርጉልኝ» አልኩ። ዲናችን ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ከዚያ አምስት ተማሪዎች አስጠርተው ራሳቸው በቃል ጠየቁ፤ የልጆቹ ማርክ ጸና። የእኔ ኮርስ ግን አልተመለሰም። አቶ ሀብተሚካኤልን ይቅርታ ጠይቂ ተብያለሁ። አልጠይቅም። እማ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምላስሽ ጦም ያሳድርሻል» ትላለች፤ ዞር ብላ ስትስቅ ግን አይቻታለሁ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ።

ዓመቱን ሙሉ ኤአይ የጻፈውን ሳነብ ስለከረምኩ፣ እንደ ጠና እናት እኔም በማሽተት አውቀዋለሁ። ከጥምቀት ወዲህ ድምፅህን አልሰማንም። ስንደውል አታነሳም፤ ጽሑፍ ብቻ ትልካለህ። ድሮ «እማ አለሁ አታስቢ» ነበር የምትለው፣ አራት ነጥብ እንኳ የለውም። አሁን «ውድ እናቴ ሆይ፣ ሕይወት በአዳዲስ ዕድሎች የተሞላች ናት» ትላለህ። እማ እስከ መጨረሻው አስነበበችኝና «ደህና ሰው ይመስላል፤ ግን ማነው?» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኩን ከእጇ አታወርድም።

አልቆጣህም። ወደዚያ የሚመጣው የጓደኛዬ የሐዳሳ ባል ይህን በእጅህ ይሰጥሃል፤ ፊትህን አይቶ እንዲነግረኝ አዝዤዋለሁ፤ በእጄ የጻፍኩልህም ለዚህ ነው። አንተም እንደ ተማሪዎቼ የቃል ፈተና አለብህ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደውል። ጥያቄው አንድ ነው፦ እንዴት ነህ? በሀዲይኛ መልስ። እዚያ አለኝ የምትለን ሱቅ ከሌለ የለም በል። ታመህም ከሆነ ታምሜያለሁ በል። ብትንተባተብ፣ ብታለቅስም ማርክ አይቀነስም።

የእናታችን ጸሎት ቀድሞህ ይግባ፣ ተከትሎህ ይውጣ። ጌታ የምትተኛበትን ቤት ይጠብቅልን።

የምትናፍቅህ እህትህ
ጣቢታ

እማ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ አንድ ነገር ጨምሪልኝ አለች፦ «አታስቢ የሚለውን ቃል ከእንግዲህ አይላክልኝ በይው። እናቱ ነኝ፤ ላስብ።»