ለእንግዳ ክብር ሲባል ወደ አስፋልቱ ስለዞሩት ሶላሮቻችን

ለተከበሩ አቶ ፈቀደ
የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቤቴል፣ ኮልፌ ቀራንዮ

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ፤ ለነገሩ በዚህ የኅዳር ብርድ ጠዋት ጠዋት በሙቅ ውሃ ለሚታጠብ ሰው ጤና ያን ያህል አልሰጋም።

እኔ አራተኛ ፎቅ የምኖረው የአብደላ ልጅ ዊዳድ ነኝ። አባቴን መቼም አይረሷቸውም፤ ይህ ሕንፃ ሳይሠራ ጀምሮ ጎረቤትዎና ጓደኛዎ የነበሩት፣ አሁን በመገጣጠሚያ ሕመም ከአልጋ የማይርቁት፣ ሐኪም በሙቅ ውሃ ይታጠቡ ያላቸው ሰው ናቸው። ስላደረጉልን ሁሉ በተራ ቁጥር ላመስግንዎ።

፩. ጎረቤቶች ልብስ የምናሰጣበትን ጣሪያ ለሶላር ውሃ ማሞቂያ አንለቅም ባሉ ጊዜ፣ እርስዎ በአባቴ አልጋ ጫፍ ተቀምጠው «አብደላ፣ አንተ ካልክ እኮ ሰው እሺ ይላል፤ የመጀመሪያው ሙቅ ውሃ ያንተ ነው» ስላሉን እናመሰግናለን። አባቴም ጎረቤቱን አንድ በአንድ አልጋቸው ድረስ እያስጠሩ፣ በእኔ ይሁንባችሁ ብለው አስማሙልዎ።

፪. ገጣሚዎቹ በበጋው ብርድ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል መስታወቶቹ ወደዚያ ይዙሩ ሲሉ፣ እርስዎ ግን የምርቃቱ እንግዶች የሚመጡት በሰሜን በኩል ባለው አስፋልት ስለሆነ ጀርባ ሰጥቶ መቀበል ነውር መሆኑን አስተማሩን። ስምንቱም ማሞቂያዎች ፊታቸውን ወደ እንግዳ አዞሩ። እንግዶቹ ለስላሳቸውን ጠጥተው ወዲያው ሄዱ፤ ሶላሮቻችን ግን እስከ ዛሬ አስፋልቱን እያዩ ይሸኟቸዋል። ከቧንቧው የሚወርደው ውሃም እንደ ድሮው በረዶ ነው።

፫. ለማሞቂያዎቹ ብሎን ተብሎ የተበሳው የጣሪያችን ጠፍጣፋ ሶሌታ በመስከረሙ ዝናብ አባቴ አልጋ ላይ ስላንጠባጠበ፣ ከጣሪያው ውሃ ይወርድላችኋል ያሉትን ቃል ቢያንስ በግማሽ ፈጽመዋል።

፬. እዚህ ላይ ምስጋናው አልወጣ አለኝ። ባለፈው እሁድ የውሃ ሮቶው ሞልቶ እንደሆነ ለማየት ጣሪያ ላይ ወጥቼ፣ ከስምንቱ አንዷ ቀስ ብላ ወደ ደቡብ መዞሯን አየሁ። ቱቦዋን በዓይኔ ብከተል የምትወርደው ወደ እርስዎ ባኞ ቤት ነው። ሰው ይሳሳታል፤ ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ አላዝንም ነበር። እርስዎ ግን ስህተቱ ገብቶዎት፣ አርመውት፣ ለራስዎ ብቻ ማረምዎ ነው ውስጤን ያቃጠለው። ለዚህ ከክህደት ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ዛሬ ጎረቤቶች ውሃው የት አለ እያሉ የሚጠይቁት እርስዎን ሳይሆን አባቴን ነው፤ አባቴም ወደ ግድግዳው ዞረው ይተኛሉ። ለጁምዓ ገላቸውን የማጥባቸው በቡታጋዝ በማሞቀው ውሃ ነው፤ እሱም ቡታጋዝ ሲገኝ። ስለዚህ የሰባቱ ቢከብድዎ እንኳ፣ ቃል የገቡላቸውን የአንዱን ሰው ማሞቂያ እንዲያዞሩልን በትሕትና እለምናለሁ።

የባኞ ቤትዎ ሙቀት ሳይጎድል፣ ለእንግዳ ያለዎት ታላቅ ክብር አንድ ቀን ለጎረቤትም እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣
አክባሪዎ
ዊዳድ አብደላ
ከአራተኛ ፎቅ፣ ከሚያንጠባጥበው ሶሌታ ሥር

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ አባቴ እስከ ዛሬ «ፈቀደ ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ እኔን አይረሳኝም» ይላሉ። የእርስዎ ብቻ መዞሯን አልነገርኳቸውም። ይህን ደብዳቤ ምድር ቤት መግቢያው ላይ የለጠፍኩትም የሕንፃው ሰው ሁሉ እንዲያነበው፣ ደረጃ መውረድ የማይችሉት አባቴ ብቻ እንዳያነቡት ብዬ ነው።