ማንም ያልወሰደው ክፍል፦ የመምህርት የማርያምወርቅ ሣህሌ የሕይወት ታሪክ

መምህርት የማርያምወርቅ ሣህሌ ከአባታቸው ከአቶ ሣህሌ ወልደ ኢየሱስና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሳየች ተክሌ በ1961 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ተወለዱ። አባታቸው በተራራው ላይ ገብስና ድንች የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ። ቤታቸው የነበረበት ቦታ ዛሬ ከፓርኩ በር ብዙም አይርቅም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከተራራው እየወረዱ የካ ተማሩ። በ1981 ዓ.ም. ኮተቤ የመምህርነት ሥልጠናቸውን አጠናቀው ለጥቂት ዓመታት በክፍለ ሀገር ካገለገሉ በኋላ በ1986 ዓ.ም. በየካ ወደሚገኝ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። በዚያው ዓመት ከአቶ ገላው ይመር ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ማዕዶትንና ነአምንን ወልደዋል።

እስከዚህ ያለው የብዙ መምህር ታሪክ ነው። ቀጣዩ እንዲቀር ቤተሰቡ ቢመክርም ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ወንደሰን ሊተወው አልቻለም።

በ2013 ዓ.ም. በትምህርት ቤታቸው አንድ አሠራር ለሙከራ ተጀመረ። መምህራን ተማሪዎቻቸው በፈተና ባመጡት ውጤት ልክ ደረጃ ይወጣላቸዋል፤ የማበረታቻ ክፍያም በደረጃቸው ያገኛሉ። ከፈተናው ግማሹን ያላገኘ ልጅ የመምህሩን ደረጃ ወደ ታች ይጎትታል። ከዚያ ወዲህ በየመስከረሙ የተማሪ ምደባ ከመለጠፉ በፊት ልጅ መቀያየር ተለመደ። ጎበዙ ወደ ባልደረቦቻቸው፣ ደካማው ወደ እህታችን ሆነ። «እትዬ፣ ይቺ ልጅ እርስዎ ጋ ብትሆን ነው የሚሻላት» ይሏቸው ነበር፣ በትሕትና። አምስተኛ «ሠ» የሚባለው ክፍላቸው የሞላው በዚህ መንገድ ነው። ባለቤታቸው «አንቺስ እንደ ሰዉ ብትመርጪ ምናለበት? የኛስ ልጆች?» ሲሏቸው «እኔ ካልወሰድኳቸው ማን ይወስዳቸዋል?» ብለው ይመልሱ ነበር።

በአንድ ስብሰባ ላይም ተነሥተው «ልጅ እንደ ቲማቲም እየተመረጠ አይወሰድም» ብለዋል። ሰብሳቢው አስተያየቱ ተይዟል አሉ፤ ቀጥሎም ለሻይ ተወጣ።

በ2016 ዓ.ም. አያንቱ የምትባል ተማሪ ስሟን እንኳ ማንበብ ሳትችል ክፍላቸው ገብታ ሰኔ ላይ ከመጽሐፏ አንድ ገጽ ቆማ አነበበች። የዚያን ቀን እህታችን ወደ ቤት የገቡት እየሳቁ ነበር፤ ከደስታ ብዛት እራትም በቅጡ አልበሉም። አያንቱ ግን ከፈተናው ግማሹን ስላላገኘች በስሌቱ ከማያነቡት ጋር ተደመረች። መምህርቷም እንደ ወትሮው የመጨረሻውን ደረጃ አግኝተው ለአቅም ማጎልበቻ ሥልጠና ተላኩ። አሠልጣኙ እሳቸው ፊደል ያስቆጠሩት ልጅ ነበር። ሥልጠናው እስኪያልቅ ቀና ብሎ አላያቸውም። እሳቸው በየዓመቱ «ዘንድሮ ይስተካከላል» ይሉ ነበር። አልተስተካከለም።

የደም ግፊት ሕመማቸው ሲጠና ሐኪም እረፍት ቢያዝላቸውም ተተኪ የለኝም ብለው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ሰሌዳው ፊት ወደቁ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተውም ኅዳር 8 ቀን በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ዛሬ አስከሬናቸውን የተሸከሙት የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የቤት ኪራይ ያለባቸው ሰዎች ናቸው። እሳቸው ከወደቁ ጀምሮ ግን አምስተኛ «ሠ»ን ደርባችሁ ያዙ ሲባሉ ሁሉም በየተራ «የእኔ ክፍል ሞልቷል» ብለዋል።

መምህርት የማርያምወርቅ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። አምስተኛ «ሠ»ንም ትተዋል። በስተኋላ ዩኒፎርም ለብሰው የቆሙት እነሱ ናቸው። በትምህርት ሰዓት እዚህ የተገኙት ትምህርት ቤቱ ለቀብር ስለፈቀደላቸው አይደለም፤ የሚያስተምራቸው ስለሌለ ነው።

ቸሩ አምላክ የእህታችንን ነፍስ ደረጃ በማይወጣበት ቤቱ ያሳርፍልን። ለእነዚህ ልጆችም የሚወስዳቸው ሰው ይስጣቸው።