አበልጄና የቱርቦው ነገር

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ዛሬም ዳገቱ ላይ ጉድ ሠራችኝ። ከወረታ ወደ ዓለም በር ሩዝ ጭኜ ስወጣ ፒክአፗ ድንገት ትንፋሽ አጠራት፤ ነዳጅ ብረግጥ ጥቁር ጭስ እንጂ ጉልበት የለም። አቁሜ አጠፋኋት። ትንሽ ቆይቼ ሳስነሣት ምንም እንዳልነካት ወጣች። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራተኛ ጊዜዋ ነው። ባዶዋን ደህና ናት። ሜዳ ላይ ደህና ናት። ጉልበት ስጠይቃት ብቻ፣ እሱም ሲያሰኛት።

ባለቤቴ «እንዳንተው ሥራ ስታይ ነው የምትታመመው» አለችኝ። አልሳቅሁም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ጌታነህ ጋራዥ ወሰድኳት። ጌታነህ መካኒኬ ብቻ አይደለም፤ የልጄን የቢኒያምን ክርስትና ያነሣ አበልጄ ነው፣ የሚካኤልን ጽዋም አብረን እንጠጣለን። በቅርቡ የአየር ማጣሪያዋን ያጸዳልኝም እሱ ነው፤ በዚህ ወቅት ሩዝ መፈልፈያው ደጅ የቆመ መኪና ሁሉ እብቅ ሲጠጣ ይውላል።

ኮፈኑን ከፍቶ ቱቦዎቹን ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ኮፈኑን መልሶ ዘጋው።

«ቱርቦው አልቆለታል» አለኝ በመጨረሻ፤ አየር ወደ ሞተሩ የሚነፋውን ማለቱ ነው። «እዚሁ ተዋትና ሂድ፣ እኔ እፈታታዋለሁ።»

ወትሮ አብረን ነው የምንፈታው፤ እሱ ካቻቢቴ፣ እኔ መብራት ይዘን። ነገ ይፋግ ጉዳይ አለኝ ብዬ ይዣት ወጣሁ። «በል ቀስ እያልክ ንዳ» ሲለኝ ዓይኔን አላየኝም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ለቱርቦ መግዣ ወይፈኑን ልሸጥ ይፋግ ያለ ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። እሑድ መጥቼ ልየው አለ። ቢኒያምን ይዤው ነበር። ስንመለስ አንድ የጭነት መኪና ልቀድም ወጣሁ፤ መሃል ላይ ጉልበቷ ጠፋ። ከፊት አውቶቡስ እየመጣ ነው። የጭነት መኪናው ሹፌር ፍሬን ይዞ ባያስገባኝ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ዳር ይዤ አቆምኳት። ቢኒያም «አባዬ፣ ለምን ቆምን?» አለኝ። «መኪናዋ ትንሽ ትረፍ» አልኩት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ራሴ ፈታሁት። ቁሐር ሚካኤል፣ ማሳ ዳር፣ ሩዙን እስኪያዘጋጁልኝ ስጠብቅ። አንድ ነገር አልዋጥልህ ብሎኝ ከረመ፦ ያለቀ ቱርቦ አጥፍቼ ሳስነሣው እንዴት ይድናል? ዘይት አይጥል። አያፏጭ። ታዲያ ምኑ ነው ያለቀው?

ከማጣሪያው ወደ ቱርቦው የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ ነቀልኩና እጄን ሰደድኩ። ጨርቅ። ከሰማያዊ ቱታ የተቀደደ እጅጌ፣ የጌታነህ። ማጣሪያውን ሲያጸዳ እብቅ ወደ ውስጥ እንዳይወርድ ወትፎት ረስቶታል። ሞተሩ በኃይል ሲስብ ጨርቁ ተስቦ አየሩን ይዘጋዋል፤ ሲጠፋ ይላላል። በቃ፣ ይኸው ነው በሽታዋ፤ ወይፈኔም ከመሸጥ ተረፈ።

መርሳቱን ሰው ይረሳል። እየሳቅሁ ነው የደወልኩለት። ጨርቅህን አገኘሁት አልኩት።

«ረቡዕ ኮፈኑን ስከፍት ትዝ ብሎኝ ነበር» አለኝ። «አፈርኩህ። ብቻዬን ላወጣው ብዬ ነው።»

ረቡዕ! ሳቄ ጠፋ። «ሐሙስ ቢኒያም አብሮኝ ነበር፣ አውቶቡስ ሥር ልንገባ ነበር» ብዬው ዘጋሁት። እያወቀ ለቀቀኝ። ከዳኝ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

የሚካኤል ጽዋ። ቄሱ እንደ ልማዳቸው የተቀያየመ ካለ ከጽዋው በፊት ይናገር አሉ። ጌታነህ ተነሣ። «እኔና አበልጄ በመኪና ነገር ትንሽ ተቀያይመናል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። አስታረቁን፤ ተሳሳምን፤ ሰው ሁሉ ደስ አለው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። በመኪና ነገር። ትንሽ።

ጽዋው ሲደርሰኝ ሳልቀምስ አጠገቤ ላለው አሳለፍኩት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ምነው ልጄ?» አሉ ቄሱ።

«ይቅርብኝ አባ፣ እርስዎን ማታለል ይሆንብኛል።»

ጌታነህ እንደገና ተነሣ። «አባ፣ አልጨረስኩም» አለ። ጨርቁን ተናገረ፣ ረቡዕን ተናገረ፣ ቢኒያምንም ተናገረ። ሚስቱ ገና ያኔ መስማቷ ነበር፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው።

ጽዋው አልፎኝ ሄዷል። መልሱልኝ አላልኩም። ለወሩ እጠጣ ይሆናል፣ እንጃ።

ጌታነህ ከጽዋ በኋላ ሁልጊዜ እኛ ቤት ጎራ ይል ነበር። ቢኒያም በር በሩን ሲያይ ቆይቶ «ክርስትና አባቴ ዛሬ አይመጣም?» አለኝ። ይመጣል አልኩት። መቼ እንደሆነ አልነገርኩትም።