ስለተበረከተልኝ የሠላሳ ቀን ብቸኝነት ምስጋና ስለማቅረብ

"ውድ የግሩፓችን አባል! በተደጋጋሚ የምታሳየው አሉታዊ ድባብ የቤተሰባችንን የዕድገት ጉዞ እያወከ በመሆኑ፣ ለሠላሳ ቀናት ከግሩፑ ወጥተህ ከራስህ ጋር እንድትገናኝ ዕድል ሰጥተንሃል። ብቸኝነት ስጦታ ነው። ተጠቀምበት። አስተዳዳሪው።"

ለተከበሩ የቤተሰባችን የስልክ ግሩፕ መሥራች፣ ብቸኛ አስተዳዳሪ እና የምስክር ወረቀት ያላቸው የግል ዕድገት አሠልጣኝ
በቤት ስማቸው ማሙሽ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለእንቅልፍዎ፣ በየማለዳው ለሚጠጡት ለብ ያለ ውኃ እና እርምጃዎን ለሚቆጥርልዎ ለዚያ የእጅ ሰዓት ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት እገልጻለሁ። እኔም፣ ምናልባት ለመጠየቅ ጊዜ አጥተው ከሆነ፣ ደኅና ነኝ። ከላይ ቃል በቃል ያሰፈርኩት መልእክትዎ የደረሰኝ በሥራ ሰዓት፣ በአንድ ሥጋ ቤት ውስጥ ሚዛን ለመመርመር ጎንበስ ባልኩበት ነበር። ባለ ሥጋ ቤቱ ፊቴን አይቶ ሚዛኑ የተበላሸበት ስለመሰለው "ጌታዬ፣ እኔ ነካ አላደረግሁትም" እያለ ይምል ጀመር። ሚዛኑ ደኅና ነበር።

ነገሩ ለአንባቢያን ግልጽ እንዲሆን ባጭሩ ላስረዳ። ክቡርነታቸው ከአምስት ልጆች የመጨረሻው፣ የእኔም ታናሽ ወንድም ናቸው። የጫማ ክር ማሰር ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። አባቴን አንተ እያልኩ ያደግሁ ሰው ዛሬ እሳቸውን እርስዎ ለማለት የበቃሁት፣ በግሩፑ ውስጥ ማን ከማን እንደሚበልጥ በመልእክታቸው ስላስረዱኝ ነው።

አባታችን ዘጠና ዓመት ሊሞላው ነው። የምንኖረው በየከተማው ተበታትነን ሲሆን አብራው ያለችው ታላቃችን እትዬ ብቻ ናት። ጆሮው ደክሟል፤ አጠገቡ ሆነው ካልጮኹለት በቀር አይሰማም፤ ስልክ ስንደውልለት ሁለት ጊዜ "እ?" ይልና ለእትዬ ያቀብላታል። መናገር ግን አላቃተውም። ስለዚህም ክቡርነታቸው ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ነገር አደረጉ፤ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያለ ምንም ምፀት ነው የምጽፋት። ለአባታችን ስልክ ገዙለት፤ ከነበሩበት ምልክቶች ሁሉ የቤተሰቡን ግሩፕ ብቻ አስቀርተው፣ የትኛውን ተጭኖ እንደሚናገር አጠገቡ ተቀምጠው አሳዩት። ከዚያ ወዲህ አባታችን በየማለዳው "እንዴት አደራችሁ ልጆቼ" ይለናል። እኛ እንመልሳለን፤ እትዬ ማን እንደመለሰ በጆሮው ትነግረዋለች።

ይሁን እንጂ የአባታችን አውራ ጣት ሲናገር ወደ ላይ ይንሸራተታል። ጣት ወደ ላይ ሲንሸራተት ደግሞ ስልኩ ተቆልፎ በራሱ መቅዳቱን ይቀጥላል። አባታችን ሰላምታውን ጨርሶ ስልኩን ወንበሩ ክንድ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ስልኩ ግን እትዬ መጥታ እስክታቆመው ድረስ ቤቱን ሲቀዳ ይቆያል። ወንድሞቼ "ዛሬ ደግሞ የአባባ ወንበር ነው የተናገረው፤ ትንሽ ሲጢጥ ይላል እንጂ ደኅና ነው" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ቀልዱ አሥቆኛል። ልዩነቱ፣ እነሱ ሰላምታውን ሰምተው ሲዘጉት እኔ እስከ መጨረሻው እሰማው ነበር።

ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ "የምስጋና ሰዓት" የተባለውን ደንብ ስላወጡልን አመሰግናለሁ። በየማለዳው እያንዳንዳችን ደስ የሚያሰኙንን ሦስት ነገሮች እንድንጽፍ ባዘዙት መሠረት፣ ትእዛዝ አክባሪ ነኝና "አንድ፣ ነቅቻለሁ። ሁለት፣ ውኃ አልጠፋም። ሦስት፣ ሦስተኛ የለኝም" ብዬ ጻፍኩ። ክቡርነትዎም በግል "ጋሼ፣ እንደዚህ ተብሎ አይጻፍም እኮ፤ ሰው ይረብሻል። ሦስተኛውን ፈልገው" ሲሉ መከሩኝ። ምክርዎን ተቀብዬ ፈለግሁ። በማግስቱ "ሦስት፣ የአባባ ረጅም መልእክት" ብዬ ስጽፍ ቀይ ልብ ሰጡኝ። በዚያው ሳምንት ረጅም መልእክት የሚከለክል ደንብ አወጡ። አንድ ሰው ለሚያስደስተው ነገር ስም ሲያወጣለት ወዲያው እንዲወሰድበት ማድረግ በሥልጠናው ስንተኛ ምዕራፍ ላይ እንደሚገኝ ቢገልጹልኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ "አራሚ" የሚለውን ማዕረግ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። የሰው ልጅ ከአንጎሉ አሥር በመቶውን ብቻ እንደሚጠቀም የሚገልጸውን መልእክት ሲያካፍሉን ሐሰት መሆኑን ከነምክንያቱ ጻፍኩ፤ እርስዎም "ዋናው ስሜቱ ነው ጋሼ" አሉኝ። ይህቺን አባባል ወደ ሥራዬ ወስጄ ልሞክራት አስቤ ነበር። ሆኖም አንድ ኪሎ የጠየቀ ሰው ስምንት መቶ ግራም ተሰጥቶት "ዋናው ስሜቱ ነው" ሲባል ምን እንደሚል ስለማውቅ ተውኩት። ሁልጊዜ የሚያስደስት ቁጥር የሚያሳይ ሚዛን በእኛ መሥሪያ ቤት "የተበላሸ" የሚል ቀይ ወረቀት ይለጠፍበታል። በግሩፑ ውስጥ ግን ግሩፑን እንዲያስተዳድር ተሹሟል።

ሦስተኛ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ይታገሱኝ።

ከአንድ ደቂቃ በላይ የሆነ የድምፅ መልእክት በግሩፑ እንዳይለቀቅ ወሰኑ። ለማሳያም የዋዜማውን የአባታችንን መልእክት በገዛ እጅዎ ሰረዙ። ከዚያ በኋላ ላለው ሥራ "ረዳታችን" ያሉትን አንድ ፕሮግራም አስገቡ። በማግስቱ አባታችን እንደ ልማዱ ሰላም ብሎን ጣቱ እንደ ልማዱ ሲንሸራተት፣ ረዳታችን መልእክቱን አጥፍቶ፣ አንዲት ቡቃያ ሥዕል አክሎ "አሳጥሮ መናገር የዕድገት ምልክት ነው" ሲል ጻፈለት። ለዘጠና ዓመት ሰው። እትዬ እንደነገረችኝ አባታችን ስልኩን ወደ እሷ ዘርግቶ "ምን አለ?" ብሎ ጠየቃት፤ እሷም "ደርሷል ነው የሚለው አባባ" አለችው። እኔ ሐሰት አልወድም። ይህቺን የእትዬን ሐሰት ግን አላርማትም።

ያን ዕለት ነው በግሩፑ ላይ "ለአባባ ስንት ደቂቃ እንደሚበቃው የወሰነው ማን ነው? እሱ ሲያሳድገን ሰዓት ይዞብን ነበር?" ብዬ የጻፍኩት። አንድ ወንድማችን የድጋፍ አውራ ጣት ሰጠኝና ወዲያው መልሶ አነሣው። እርስዎም "ጋሼ፣ የሚጠፋው እኮ ባዶው ነው። ምንም የለበትም" ሲሉ መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ የመጣው ከላይ የጠቀስኩት መልእክትዎ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ባዶ ስለሚባለው ነገር ከእርስዎ ይልቅ እኔ ጥቂት ሳላውቅ አልቀርም። ዕድሜዬን የጨረስኩበት ክፍል ውስጥ በመስታወት ሣጥን የተከደነ አንድ ረቂቅ ሚዛን አለ። የተከደነው የሰው ትንፋሽ ስለሚያንቀሳቅሰው ነው። አዲስ የሚመጡ ሠራተኞች "ምንም የለበትም" ሲሉኝ "ከምን አወቅህ? መዝነው" እላቸዋለሁ። ባዶ የሚባል ነገር የሚታወቀው ተመዝኖ ነው። እርስዎ ሳይመዝኑ ፈረዱ።

እኔ መዝኜዋለሁ። ማታ ከሥራ ስመለስ ስልኩን ሳህን ማጠቢያው አጠገብ አቁሜ እከፍተውና ሳህኔን አጥባለሁ። የማጥበው አንድ ሳህን ስለሆነ መልእክቱ ሳያልቅ እጄ ይደርቃል፤ ቆሜ እሰማለሁ። የነጠላ ጫማው ኮቴ ይሰማል፤ ሬዲዮ እየጮኸ ይከፈታል፤ ማንኪያ ብርጭቆ ይነካል፤ አባታችን ያስላል። እትዬ ትገባለች። የትናንቱን ሰላምታ "ማን መለሰ?" ይላታል። በቤት ስሜ ትጠራኝና "ሚዛኑ መልሷል" ስትለው "እሱማ መቼ ይቀራል" ይላል። ይኸው ነው ባዶው።

ከሰው ጋር መኖር በአብዛኛው ወሬ እንዳልሆነ የገባኝ እዚያ ሳህን ማጠቢያ አጠገብ ነው። ሰው አለኝ የሚያሰኘው የሚናገረን ነገር አይደለም፤ እኛን ሳያስብ በጎን ካለው ክፍል የሚያሰማው ኮቴ ነው። እነዚህ ስልኮች የሰውን ወሬ ወደፈለግንበት ያደርሳሉ፤ ኮቴውን ግን ማድረስ አይችሉም። አንድ ጊዜ ቻሉ፤ የቻሉትም የአንድ ሽማግሌ ጣት ስለተሳሳተች ነው። እርስዎ ስሕተቱን አረሙት። አራሚ ግን እኔ ነኝ።

አራተኛ፣ ስለ ስጦታው። ስጦታ ለሌለው ሰው ቢሰጥ መልካም ነበር፤ እኔ ዘንድ ከዚህ ዕቃ በቂ ክምችት አለ። አላገባሁም፤ እትዬ "አንተን የምትችል ገና አልተፈጠረችም" ትላለች፤ ልክ ሳትሆን አትቀርም። ቤቴ ሁለት ወንበሮች አሉ፤ በአንዱ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ በሌላው ላይ ልብስ ተቀምጧል። ስልኬ አሁንም ይንጫጫል፤ ከእርስዎ ሌላ "ውድ" ብሎ የሚጠራኝ ግን ባንኬ ብቻ ነው። ከራሴ ጋር እንድገናኝ ባዘዙት መሠረትም ተገናኝተናል። ለብዙ ዘመን ስለምንተዋወቅ የምናወራው ቶሎ አለቀብን።

እትዬ አዝናልኝ በየቀኑ ትጽፍልኛለች። የምትጽፈውም "አባባ ሰላም ብሎሃል። ማሙሽን ይቅርታ በለውና ይለቅ" የሚል ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ ዝግጁ ነኝ፤ ጥፋቴ ተለይቶ ይነገረኝ። እስከዚያው ድረስ ግን አባታችን በየማለዳው "ማን መለሰ?" ብሎ ሲጠይቅ፣ እሱማ መቼ ይቀራል የተባለው ሰው ይቀራል። የየማለዳውን ሦስት ምስጋናዎችዎን መቻል እችላለሁ። ይህንን አልችልም። አባቴ ትቶኛል ብሎ እንዳያስብ ነው የምፈልገው፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ የወጣውም ስለዚሁ ነው። እትዬ በየእሑዱ ጋዜጣውን ለአባታችን በጆሮው ታነብለታለች፤ እሱ ደግሞ የጨረታ ማስታወቂያ እንኳን እንዲዘለልበት አይፈቅድም። የእርስዎ ረዳት እዚህ ገጽ ላይ ሥልጣን የለውም። ስለዚህ አባባ፣ እንዴት አደርክ። እኔ ደኅና ነኝ። ያልመለስኩት አውቄ አይደለም፤ በሩ ተዘግቶብኝ ነው። ጣትህ ወደፈለገችበት ትንሸራተት።

ክቡር ሆይ፣ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ረዳትዎ ከአባታችን መልእክት ላይ እጁን እንዲያነሣ እና እኔ ወደ ግሩፑ እንድመለስ። ሁለቱ በአንድነት የማይቻሉ ከሆነ የመጀመሪያው ይቅደም፤ እኔ የቀረውን ቀን ውጭ ቆሜ እጨርሰዋለሁ።

ሰውን ከማሳደግ በሚተርፍዎ ጊዜ ይህንን እንደሚያነቡት በመተማመን፣ ለግሩፑ የዘለዓለም አዎንታዊነትን፣ ለቡቃያዋ ሥዕል መልካም ዝናብን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከአንዲት ንጹሕ ሳህን ጋር እሰናበታለሁ።

የቀድሞው የግሩፑ አባል፣ በአሁኑ ጊዜ የስጦታዎ ተጠቃሚ
ሚዛኑ

ማስታወሻ፦ እትዬ፣ ከዚህ በታች ያለውን ለአባባ አታንብቢለት። እዚህ ጋ ጋዜጣው ተቀዷል በይው።

ማሙሽ፣ ለማሳያ ብለህ የሰረዝከውን መልእክት ሳትሰርዘው በፊት በዋዜማው ሰምቼ ስላስቀመጥኩት እኔ ስልክ ላይ ቀርቷል። ከሰላምታው በኋላ ሬዲዮ አለ፤ ከዚያ ሬዲዮው ይዘጋል። እትዬ ቤት ውስጥ የለችም። አባባ ብቻውን፣ ያን ሰሞን በግሩፑ የላክኸውን ፎቶ አስታውሶ ይመስለኛል፣ ለማንም ሳይሆን፣ "ማሙሽ ፎቶው ላይ ከስቷል" ይላል። ቀጥሎም "ይሥቃል እንጂ ከስቷል። አጠገቡ ሰው ያለ አይመስለኝም" ይላል።

ባዶ ነው ያልከው ይህንን ነው። ልትሰማው ከፈለግህ እስከ መጋቢት 15 ቀን ድረስ በጽሑፍ አሳውቀኝ፤ እልክልሃለሁ። ከአንድ ደቂቃ በላይ ነው።