ለኮሮና የተገዛ ቅቤ

ሐይቅ፣ ግንቦት 3 ቀን 2012 ዓ.ም.
ረመዳን 18

ይድረስ ለልጄ ለኢቲሳም ኑርዬ
አዲስ አበባ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰነበትሽልኝ የኔ ዓለም? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። አባትሽ ደህና ነው፣ ላሟም ደህና ናት፣ ጉልበቴም ያው እንደምታውቂው ነው። ስልክ እያለ እናቴ ምን ነክቷት ደብዳቤ ጻፈች እንዳትዪ። አባትሽ ስልኩን ላውድ ላይ ካላደረገ የሚሰማ አይመስለው፣ የምነግርሽ ደግሞ ለመንደር የሚሆን አይደለም። ሰው ላጽፍ ብልም የሚጽፈው ሰው አፍ አለው። ስለዚህ ልጅ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኳትን ፊደል ይዤ ራሴ እየጫርኩ ነው። ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። የሚያደርስልሽ ሽታው ነው፣ የጎረቤታችን የአሰገደች ልጅ። በአይሱዙ ሽንኩርት ወደ አዲስ አበባ ያመላልሳል።

በስልክ ያዘዝሽውን ሁሉ አድርገናል። ከጅዳ መጥታችሁ የገባችሁበት ማቆያ አሥራ አራት ቀኑ አለቀ፣ እኔ ግን በሽታው እስኪበርድ እዚሁ አዲስ አበባ ከጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይቼ እቆያለሁ አልሽን። እናንተ የሦስት ወር አስቤዛ ግዙና በራችሁን ዝጉ አልሽ። ገዛን። ሳሙና በካርቶን፣ ዘይት፣ ጨው፣ ስኳር፣ ክብሪት፣ በረኪና፣ ማካሮኒ። ጤፉንና ማሽላውን ከነጋዴ ሳይሆን ከገበሬው ከራሱ ወሰድን፣ ነጋዴውማ በሽታው ከመጣ ወዲህ አላህንም ረስቷል። አባትሽ ማካሮኒውን አይቶ «ይሄን ትል የመሰለ ነገር ከምበላ ኮሮናው ይብላኝ» ብሎ ነበር። አሁን ለማፍጠሪያ ከሾርባው ቀጥሎ የሚጠይቀኝ እሱን ነው።

ከዚህ ሌላ ግን አንቺ ያላዘዝሽውን ገዝቻለሁ። ጓዳ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ቅል ቅቤ አለ። የገንፎ ገብስ ተፈትጎ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ተቀምጧል። አብሽ አለ፣ ተልባ አለ፣ ከአምባሰል የወረደ ማር አለ። አሮጌ ነጠላዎቼን አጥቤ ቀዳድጃቸዋለሁ፣ ለገላ ለስላሳ ናቸው። ይህ ሁሉ አራስ ላለበት ቤት እንደሚሰናዳ ታውቂያለሽ። እኔም አውቄያለሁ፣ ኢቲሳም። ስምንተኛ ወርሽን መያዝሽን አውቄያለሁ። አዲስ አበባ የቀረሽው በሽታውን ፈርተሽ እንዳልሆነ፣ እኛን ፈርተሽ እንደሆነም አውቄያለሁ።

የነገረችኝ መስኡዳ ናት፣ አብራሽ ከጅዳ መጥታ ማቆያውም ውስጥ አብራሽ የከረመችው። አትቆጪያት፣ አዝናልሽ ነው። ሐይቅ በገባች በሦስተኛው ቀን ማስኳን አድርጋ ከአጥሩ ውጪ ቆመች። ግቢ ብላት ሁለት ሜትር ራቁ ተብለናል ብላ እምቢ አለች። እስቲ ምስጢር በሁለት ሜትር እንዴት ይነገራል? በጆሮዬ ልትለኝ አልቻለችም፣ ጮክ አለች። «እትዬ ዙሌይካ፣ ኢቲሳም እርጉዝ ናት። ቤት አልሄድም፣ ወልጄ እዚሁ እጠፋለሁ ብላለች» አለች። ማስኩ ድምፅዋን አፍኖት ስለነበር ሁለቴ አስደገምኳት።

አሁን የምጽፈውን አንብበሽ አውፍ በይኝ። በዚያች ሰዓት ከአፌ የወጣው መልካም ቃል አልነበረም። «ምነው እዚያው በቀረች» አልኩ። ወላሂ ብያለሁ። መስኡዳ አለቀሰች፣ እኔ ግን አላለቀስኩም፣ በሩን ዘግቼ ገባሁ። ለመግሪብ ሰላት ስቆም ይኼን ሁሉ ወር በስልክ «ደህና ነኝ እማዬ» ስትዪኝ የነበረው ድምፅሽ ጆሮዬ ላይ መጣ። ለካ ልጄ ሰው አገር ብቻዋን ስትሸበር፣ እኔ ያሰብኩት የሰውን አፍ ነው። አፈርኩ። ሰላቴን ስጨርስ ያን ቃል ጀሊሉ እንዳይጽፍብኝ ለመንኩት፣ በማግስቱም ቅቤ ፍለጋ ወጣሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ልደብቅሽ ነው። ይህ በሽታ ሰውን ሁሉ በር አዘግቷል፣ ከዓረብ አገር የመጣ ሰው ደግሞ ማንም አይጠጋውም። ከጨው እስከ ሳሙና ሁሉም ቤቴ ካለ፣ አርባ ቀን በሬን ብዘጋ ማን ያውቃል አልኩ። ለአርባ ቀን የሚበቃ እየሰፈርኩ ጓዳ ከተትኩ። ሞኝ ነኝ። መስኡዳ የጮኸችውን አሰገደች ከአጥሩ ማዶ ልብስ ስታጥብ ከእኔ እኩል ሰምታዋለች።

አንድ ሳምንት ሙሉ እንዳልሰማች ሆነች። አንድ ቀን ተልባ ስቆላ ጭሱ ሄዶባት አላስቻላትም። በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «አንቺ ዙሌይካ፣ ኮሮና ተልባ ይጠጣል እንዴ?» አለችኝ። ለሆዴ ነው አልኳት። «በጾም ቀን ለሆድሽ? ተይ እንጂ፣ እኔ ደንቆሮ አይደለሁም» አለች። ከዚያ ሳቋን ትታ «ልጅቷን በሕፃንነቷ እኔም አዝያታለሁ። በዚህ ጉልበትሽ ገንፎውን ማን ሊያገነፋልሽ ነው?» አለችኝ። ገብታ ከፋሲካ የተረፋትን ቅቤ በጣሳ አምጥታ በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ ያኔ ያላለቀስኩትን። መደበቁንም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተውኩት። ጉዴን የሰማው የመጀመሪያው ሰው ቅቤ ካቀበለኝ ሌላውን ምን ብዬ እፈራለሁ?

የቀረው አባትሽ ነበር። ከአራት ቀን በፊት አሞሌ ጨው ፍለጋ ጓዳ ገብቶ ቅሎቹን ከፍቶ አየ። አራት ልጅ የወለድኩለት ሰው ነው፣ ገብስና ተልባ አንድ ላይ ለምን እንደሚቀመጥ አይጠፋውም። «ማን ወለደ?» አለኝ። «ገና ነው፣ ኢቲሳም ናት» አልኩት። በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። «የማን ነው?» አለኝ። «የኛ ነው» አልኩት። ተነስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት እጠብቃለሁ ብሎ ሐይቁ ዳር ጎጆው ውስጥ ነው የሚያፈጥረው። መስጊዱም በበሽታው ስለተዘጋ የሚያጽናናው ሰው የለም። ማፍጠሪያውን ራሴ ወስጄ አስቀምጥለታለሁ፣ ይበላል፣ ቃል ግን አይመልስልኝም።

እሱ ወደደም ጠላም አንቺ ትመጫለሽ። ይኼ ቤት የእኔም ቤት ነው፣ ጭቃውን በእጄ መርጌዋለሁ። እኔ የማን ነው ብዬ አልጠይቅሽም። ኒካህ አስሮ የከዳሽ ሰው እንደሆነ፣ ወይም አላህ የእጁን ይስጠውና በግድ የደረሰብሽ እንደሆነ፣ ልትነግሪኝ የወደድሽ ቀን ትነግሪኛለሽ። ካልወደድሽ ይቅር።

አሁን የምልሽን ስሚ። ሽታው ይህን ደብዳቤ ሰጥቶሽ ጭነቱን ያራግፍና ሐሙስ ጠዋት ሊወስድሽ ካለሽበት ድረስ ይመጣል። አውቶቡስ እንዳታስቢ፣ በእጥፍ ዋጋ እያስከፈሉ መናኸሪያው ላይ ሲያጉላሉሽ ይውላሉ። ጋቢናው ውስጥ ከወገብሽ ኋላ ትራስ አድርጊ፣ እግርሽ ካበጠ አስቁመሽ ውረጂና ተራመጂ። ጾም እንዳትጾሚ፣ ጀሊሉ ራሱ ፈቅዶልሻል፣ የቀረብሽን ጾም ቀዷውን ከወለድሽ በኋላ አብረን እናወጣዋለን። ልብስሽን ለማስፋት እንጂ ሆድሽን ለመሸፈን አትጨነቂ። እዚህ ስትደርሺ የቀበሌዋ የጤና ልጅ ትመዘግብሻለች፣ ትመዝግብሽ። አሥራ አራት ቀን ለብቻሽ የምትቀመጪበትን ክፍል በረኪና አስነክቼ አጥቤዋለሁ። ምጡ ከቀደመ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው። ለእርጉዝ የሚደረገውን ዱዓም አስደርግልሻለሁ፣ መሰብሰብ ስለተከለከለ ሴቶቹ በየደጃቸው ያድርጉት። ሄጄ ለእያንዳንዳቸው እነግራለሁ፣ ስምሽን ጠርቼ። ሰው ያወራል፣ ያውራ። ውሾቹ ይጮሃሉ ግመሉም ይሄዳል።

ቆይ፣ የግቢው በር ተከፈተ። አባትሽ ሳይሆን አይቀርም። መለስ ብዬ እጨርሰዋለሁ።

ተመልሻለሁ። አሁን የዐስር ሰላት ተሰግዷል። አባትሽ ነበር። ሁለት በግ እየነዳ መጣ። እኔን ሳያይ ከዛፉ ሥር አሰራቸው፣ ሳር ጣለላቸው፣ ውሃ አቀረበላቸው። «ለኢድ ነው?» አልኩት። «ለኢድ ሁለት በግ የሚያርድ እኔ ማን ነኝና?» አለኝ። ከዚያ አንደኛውን በግ ጀርባውን እየዳበሰ፣ ወደ በጉ እንጂ ወደኔ ሳያይ፣ «ለአቂቃ ነው። በተወለደ በሰባተኛው ቀን፣ ወንድ ከሆነ ሁለት ይታረዳል፣ ሴት ከሆነች አንድ ይበቃል። የቱ እንደሆነ ማን ያውቃል ብዬ ሁለቱንም ያዝኳቸው» አለ። አራት ቀን ያጠራቀመው ንግግር ይኼው ነው።

አሁን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ለበጎቹ ገመድ እየገመደ ነው። ለአንቺ እየጻፍኩ መሆኑን አይቷል። ካንተ ምን ልበላት አልኩት። ገመዱን እየገመደ «ሽታው ቀስ ብሎ ይንዳ በያት» አለኝ።

መንገድሽን ጀሊሉ ያቅናልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ፣ ሁለታችሁንም በሰላም ያስገባልኝ። አሰገደች «ማርያም ትቅረብሽ» ብላሻለች፣ አሚን በዪላት።

እናትሽ ዙሌይካ